ቆጣቢ መኪና እንዲበዛ ታክስ ይሻላል ወይስ ማበረታቻ? ገንዘቡስ ከየትኛው ቁጥር ጋር ይታሰር? (የመድረክ ውይይት፤ ከየሐሳቡ በላይ ያለው የጸሐፊው የብዕር ስም ነው።)

ባለቀመር

ይህ ርዕስ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁለት ጎራ ይለያል፦ «ነዳጅ ላይ ታክስ ይጫን» የሚልና «ቆጣቢ መኪና ለገዛ ይደጎም» የሚል። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ ገንዘቡ ከየትኛው ቁጥር ጋር ይታሰር የሚለው ነው። በሞተር ሲሲ (በስፋቱ)፣ በክብደት፣ በኪሎሜትር በሚያወጣው የካርበን ግራም ወይስ በሚጠጣው ሊትር? አምራችም ገዢም የሚያሳድደው ያንን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከነዳጁ በራቀ መጠን የሚቆጠበውም ሌላ ነገር ይሆናል።

(ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተም እንደዚያው ብታደርጉ አንደናገርም።)

የእኔ ሐሳብ እነሆ። አዲስ መኪና ሲመዘገብ አንድ መነሻ ይኑር፣ ለምሳሌ በ100 ኪሎሜትር 6 ሊትር። ከዚያ በላይ የሚጠጣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ሊትር አንድ ተመን ይክፈል፣ በታች የሆነም በዚያው ተመን ይቀበል። 9 ሊትር የሚጠጣው ሦስት ተመን ይከፍላል፣ 4.5 የሚጠጣው አንድ ተኩል ይቀበላል። ደረጃም ምድብም አያስፈልግም፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይበቃል።

«በሊትር ስንት ይሄዳል» የሚለውን የለመድነውን መለኪያ የተውኩት ስለሚያሳስት ነው። በዓመት 10,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በሊትር 5 ከሚሄድ መኪና ወደ 6 ቢቀይር ፍጆታው ከ2,000 ሊትር ወደ 1,667 ይወርዳል፤ 333 ሊትር ተረፈ። በሊትር 15 ከሚሄድ ወደ 20 የቀየረው ከ667 ወደ 500 ነው የሚወርደው፤ 167 ሊትር። ወሬው ሁሉ ስለ 20ው ነው፣ ነዳጁን ያተረፈው ግን 6ቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሰዎች በዚህ ምን ያህል እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። ማበረታቻ በ«ኪሎሜትር በሊትር» ከተሰላ ገንዘቡ ቀድሞውኑ ቆጣቢ ወደሆኑት መኪኖች ይፈስና ጠጪዎቹን የሚነካቸው አይኖርም።

ካምቢዮ

በሲሲ ስለሚሰላ ታክስ ልጨምር፤ በብዙ አገር እስካሁን የሚሠራበት እሱ ነውና። ለጉምሩክ ቀላል ነው፤ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፣ ማንም አይከራከርም። ችግሩ ሲሲ የሞተሩን ስፋት እንጂ የሚጠጣውን አይናገርም። አንድ 1,500 ሲሲ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚገባለት) ሞተር ከባድ መኪና ላይ ሲጫንና ጭነት ሲበዛበት፣ ሙቀቱን ለማብረድ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፤ ከ2,000 ሲሲ ያለ ቱርቦ ሞተር በላይ ሊጠጣም ይችላል። ሃይብሪዶች (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠሩ መኪኖች) ደግሞ ሆን ተብሎ ሰፋ ያለ ሞተር ይገጠምላቸዋል፤ በአትኪንሰን ዑደት የሚሠራ ሞተር ለስፋቱ የሚሰጠው ጉልበት አነስ ይላል፣ ቁጠባው ግን የላቀ ነው። የሲሲ ታክስ እነዚህን ይቀጣል።

የዚህ ነገር ቁንጮው ጣሊያን ናት። በአንድ ወቅት ከ2,000 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና 38 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍል ነበር። ፌራሪ ምን አደረገ? 208 የምትባል 1,991 ሲሲ ስምንት ሲሊንደር ሠራ፤ ጉልበት አነሳት ሲባል በ1982 ቱርቦ ጨመረባት። ታክሱ ቀነሰ፤ ነዳጅ የቆጠበ ግን አልነበረም።

ኩሽኔታ

ባለቀመር፣ ቀመርህ ያምራል፣ ግን የቆመ መኪና ነዳጅ አይጠጣም። 12 ሊትር የሚጠጣ መኪና ኖሮት በዓመት 3,000 ኪሎሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው 360 ሊትር ያቃጥላል። 5 ሊትር በሚጠጣ መኪና 40,000 የሚነዳው 2,000 ሊትር። ያንተ መስመር የመጀመሪያውን ስድስት ተመን ቀጥቶ ሁለተኛውን ይሸልማል።

ነዳጅ ላይ የተጫነ ታክስ ይህን ሁሉ ራሱ ይለየዋል። መኪናውን ብቻ ሳይሆን አነዳዱን፣ የጎማውን ንፋስ፣ ከላይ ባዶውን የሚዞረውን ፖርታፓኮ፣ የታፈነውን የአየር ፊልትሮ፣ ሞተር ሳያጠፉ መጠበቅን፣ ሁሉንም በየሊትሩ ያስከፍላል። ላብራቶሪ አያስፈልግ፣ ሠንጠረዥ አያስፈልግ። ደግሞም ቆጣቢ መኪና የገዛ ሰው ኪሎሜትሩ ስለሚረክስለት ብዙ ይነዳል፤ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል የጻፈው ነው። ይህን የሚይዝልህ የነዳጅ ዋጋ ብቻ ነው።

ባለቀመር

ኩሽኔታ ወንድሜ፣ የነዳጅ ታክስን አልጠላሁም፤ ብቻውን አይበቃም ነው የምለው። ሦስት ምክንያት አለኝ።

መኪና ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል፣ የመጀመሪያው ገዢ ግን ብዙውን ጊዜ በአራት በአምስት ዓመቱ ይሸጠዋል። የሚመረተውን መኪና የሚመርጠው እሱ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት እሱ ከመረጠው ውስጥ ነው የሚያነሱት። እሱ ደግሞ የሚያሰላው የራሱን አራት ዓመት ነዳጅ ነው፤ የቀሪውን አሥር ዓመት ወጪ የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው።

የድርጅት መኪና ሁለተኛው ነው። ነዳጅ በድርጅቱ ካርድ የሚቀዳ ሠራተኛ የሊትሩ ዋጋ እጥፍ ቢሆን ምኑም አይደለም።

ሦስተኛው ፖለቲካው ነው። የነዳጅ ዋጋ 10 በመቶ ቢጨምር ፍጆታው በአጭር ጊዜ የሚቀንሰው ከ1 እስከ 3 በመቶ ቢሆን ነው፤ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ሰው መኪና ሲለውጥ ነው። ስለዚህ ታክሱ እንዲሠራ ከፍ ማለትም መቆየትም አለበት። አሜሪካ የፌዴራል የቤንዚን ታክሷን በ1993 በጋሎን 18.4 ሳንቲም አድርጋ ከዚያ ወዲህ አልነካችውም፤ የዋጋ ንረቱ በልቶታል። ፈረንሳይ የነዳጅ ታክስ ጭማሪውን ልትቀጥል ስትል በኅዳር 2018 ቢጫ ሰደርያ የለበሱት ተቃዋሚዎች መንገድ ዘጉ፣ በታኅሣሥ ጭማሪው ቀረ።

ሚዛን

የባለቀመርን መስመር የሚመስለውን ፈረንሳይ ሞክራዋለች፤ ስህተቱን ማየት ይጠቅማል። በ2008 በጀመረችው ሥርዓት ከ160 ግራም በላይ ካርበን በኪሎሜትር የሚያወጣ አዲስ መኪና ይከፍል፣ ከ130 በታች ወይም እኩል የሆነ ይቀበል ነበር። ቅጣቱ በደረጃ ነበር፦ ከ161 እስከ 165 ግራም 200 ዩሮ፣ ከ166 እስከ 200 ደግሞ 750 ዩሮ፣ እያለ ከ250 በላይ ለሆነው 2,600።

ደረጃው ላይ ቆም በሉ። 165 እና 166 ግራም መካከል ያለው ልዩነት በቤንዚን ሲመነዘር በ100 ኪሎሜትር የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም፤ 1 ሊትር ቤንዚን 23 ግራም በኪሎሜትር ያህል ስለሆነ አንዷ ግራም 43 ሚሊሊትር ናት። በዚያች ላይ ግን 550 ዩሮ ተንጠልጥሏል። አምራቹ 166 ግራም የምታወጣውን መኪና በጠበበ ጎማ ወይም በተለወጠ የማርሽ ጥርስ ብዛት 165 ያደርጋታል፣ እዚያው ያቆማል። 195 የምታወጣውን ወደ 170 ለማውረድ ቢለፋ ግን አንድ ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ «ደረጃ የለም» የምትለው ነጥብህ ከሁሉም የምትበልጠው ናት።

ሌላው የመነሻው ነገር ነው። ሰው ከተጠበቀው በላይ ወደ ትናንሽ መኪኖች ስለጎረፈ በመጀመሪያው ዓመት የተከፈለው ከተሰበሰበው በልጦ ካዝናው ጎደለ። መነሻው በየዓመቱ ዝቅ ማለት አለበት። አወራረዱ ደግሞ አስቀድሞ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት፣ ታውቆ ይቀመጥ፤ አምራች አዲስ ሞተር ለመንደፍ የሚፈጅበት ጊዜ ያንን ያህል ነው። በየበጀቱ ድንገት የሚለወጥ መነሻ ያልተሸጠ መኪና ግቢ ውስጥ ያስቀራል እንጂ ንድፍ አይለውጥም።

መሪ ጨባጭ

አዋቂዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቀመር በሊትር ይላሉ፣ ሚዛን በግራም ትላለች። ናፍጣና ቤንዚን ሲነጻጸሩ ለውጥ የለውም?

ካምቢዮ

አለው፣ ባለቀመርም እዚህ ላይ ስቷል። ቤንዚን ሲቃጠል በሊትር 2.3 ኪሎ ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ናፍጣ 2.65። 5 ሊትር የሚጠጣ የናፍጣ መኪና 132 ግራም፣ 5.7 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና 131 ግራም፤ ለአየሩ እኩል ናቸው። በጥሬ ሊትር ካስከፈልክ ናፍጣው በነጻ የ0.7 ሊትር ጉርሻ ያገኛል።

በግራም ሲሆን ይህ ይስተካከላል፣ ግን ሌላ ጉድጓድ አለ። ብሪታንያ በ2001፣ አየርላንድ በ2008 ዓመታዊውን የመኪና ታክስ በካርበን ግራም አሰሉት፤ የናፍጣ መኪና ሽያጭ ተተኮሰ። ናፍጣ ሞተር አየሩን አብዝቶ፣ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ስለሚያቃጥል ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይበዛበታል፤ ግራሙ ላይ ደግሞ ይህ አይታይም። ቮልስዋገን በ2015 የተያዘበት ሶፍትዌር ይደብቅ የነበረው ይህንኑ ጋዝ ነው። በአንድ ቁጥር ስትሰላ ያልቆጠርከው ቁጥር ከኋላ ይመጣብሃል።

ባለቀመር

ተቀብያለሁ። በሊትር ሲሆን ናፍጣው በ1.15 ተባዝቶ ይግባ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ክፍያ ለብቻው ይጨመርበት።

ቴስታታ

ሁላችሁም ቁጥሩ እውነት እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ።

መኪናው ላብራቶሪ ውስጥ ሮለር ላይ ነው የሚነዳው። ሮለሩ የንፋሱንና የጎማውን ግጭት እንዲያስመስል አስቀድሞ መንገድ ላይ ይለካል፦ ደልዳላ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በፍጥነት ይነዳና ዜሮ ማርሽ ገብቶ በራሱ ዝግ እስኪል ይተዋል፤ ፍጥነቱ የወረደበት ጊዜ ይመዘገባል። ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ አንዱ በፍጥነት የማይለወጠው ግጭት፣ ሁለተኛው ከፍጥነቱ ጋር የሚያድገው፣ ሦስተኛው ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር የሚያድገው የንፋስ ግፊት። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ትንሽ ዝቅ ያደረገ ላብራቶሪ ውስጥ ያለምንም ማጭበርበር ቆጣቢ ሆኖ ይወጣል።

በአውሮፓ አሮጌ ፈተና ጊዜ በዚህ የመንገድ ልኬት ላይ የሚደረገው የታወቀ ነበር። ትሬዱ ያለቀ ጎማ ይገጠማል፣ ንፋሱ ከመጠን በላይ ይሞላል፣ የበርና የኮፈን ክፍተት በፕላስተር ይታሸጋል፣ የፍሬን ሸራው ዲስኩን እንዳይነካ ወደኋላ ይሳባል። ሮለሩ ላይ ደግሞ ባትሪው አስቀድሞ ይሞላና ዲናሞው እንዳይሠራ ይደረጋል። ፈተናውም ራሱ የዋህ ነበር፤ 1,180 ሰከንድ፣ 11 ኪሎሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 33.6 ኪሎሜትር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የተተካው 1,800 ሰከንድ፣ 23 ኪሎሜትር ገደማ፣ አማካዩ 46.5 ነው፤ ጎማና ባትሪውም ሕግ ወጥቶላቸዋል። የተሻለ ነው፣ ግን አሁንም ላብራቶሪ ነው።

ታክስ በዚህ ቁጥር ላይ ሲታሰር ማሳሳት ትርፍ ይኖረዋል። ያለ ታክስ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ ከታክስ ጋር በመኪና በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ይሆናል።

መፍትሔው አለ። ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ያቃጠሉትን ነዳጅና የሄዱትን ኪሎሜትር ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ በምርመራ ሶኬቱ ይነበባል። ከዚህ የተገኘው መረጃ ሲወጣ፣ በኬብል የሚሞሉ ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚያወጡት ካርበን ከላብራቶሪው 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ላብራቶሪው ባትሪው በየጊዜው እንደሚሞላ ይገምታል፤ የድርጅት መኪና የያዘው ሠራተኛ ግን ነዳጁ በካርድ ነው፣ የቤቱን መብራት የሚከፍለው ራሱ ነው። ኬብሉን ለምን ያውጣው? ማበረታቻ መስጠት ካስፈለገ ለእነዚህ በተመዘገበው ፍጆታ፣ በዓመቱ መጨረሻ ይሰጥ።

ኩሽኔታ

ቴስታታ፣ የተመዘገበ ሊትር ላይ ልታስከፍል ከሆነ እኮ ዞረህ ነዳጅ ላይ ታክስ ጫንክ። ማደያው ይበቃህ ነበር።

ቴስታታ

ማደያው የሁለተኛውን ባለቤት ምርጫ አያሰፋለትም። የእኔ ነጥብ የተመዘገበው አማካይ፣ የሞዴሉ ማለት ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ መኪና ተመን መሠረት ይሁን ነው። ዘንድሮ ላብራቶሪው 5.0 ያላትና መንገድ ላይ 6.4 የጠጣች ሞዴል በሚቀጥለው ዓመት በ6.4 ትከፍላለች። አምራቹ ላብራቶሪውን ለማሳመር የሚያወጣው ገንዘብ ከንቱ ይሆንበታል።

ሚዛን

ይህ ጥሩ ነው። እኔ ግን ምድብ ሳይነሳ እንዳያልፍ። አሜሪካ በ1978 ባወጣችው ሕግ ከ22.5 ማይል በጋሎን በታች የሚሄድ አዲስ መኪና፣ በእኛ አቆጣጠር በ100 ኪሎሜትር ከ10.5 ሊትር ገደማ በላይ የሚጠጣ ማለት ነው፣ ታክስ ይከፍላል፤ ተመኑ ከ1,000 እስከ 7,700 ዶላር ደርሷል። ፒካፕ፣ ቫንና ኤስዩቪ ግን ነጻ ናቸው፤ ያኔ የሥራ መኪና ይባሉ ነበርና። ሰው ኋላ ላይ የሚነዳው እነሱን ሆነ። ለአምራቾች የወጣው አማካይ የፍጆታ ደረጃም «ቀላል የጭነት መኪና» ለሚባለው የላላ ነበር፤ ፒቲ ክሩዘር የምትባለዋ ትንሽ የቤተሰብ መኪና የኋላ ወንበሯ ተነስቶ ወለሏ ስለሚደለደል ብቻ የጭነት ተብላ ተመዘገበች። ጃፓን ደረጃውን በክብደት እርከን ስታደርግ ደግሞ እርከኑ ድንበር ላይ የነበሩ መኪኖች ጥቂት ኪሎ ጨምረው ወደሚቀልላቸው እርከን ተሻገሩ። ክብደት ጨምረህ የቁጠባ ተሸላሚ ስትሆን ሕጉ ተገልብጧል ማለት ነው።

አምራቾች በሚሸጧቸው መኪኖች አማካይ ካርበን ላይ ገደብ ባለበት አገር ድጎማውም የሚፈስበት ቀዳዳ አለ። አውሮፓ ውስጥ አምራቹ ከአማካዩ ላለፈበት ለእያንዳንዷ ግራም በየመኪናው 95 ዩሮ ይቀጣል። መንግሥት ደጉሞ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቢያሸጥለት አማካዩ ይወርድለታል፣ በተረፈው ቦታ አንድ ጠጪ መኪና ይሸጣል። ድምሩ ያው። ድጎማው ገደቡን የማጥበቅ ውሳኔ ካልተከተለው የአምራቹን ቅጣት ከመክፈል አይለይም።

መሪ ጨባጭ

አሮጌውን መኪና አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ የሚሰጠው ገንዘብስ? በጣም ሲወደስ እሰማለሁ።

ካምቢዮ

በ2009 አሜሪካ የሠራችው ምሳሌ ይሁንህ። 18 ማይል በጋሎን ወይም ከዚያ በታች የሚሄድ መኪና ላስረከበ 3,500 ወይም 4,500 ዶላር። መኪናው የሚነዳ፣ ቢያንስ ላለፈው አንድ ዓመት ኢንሹራንስና ምዝገባ ያለው መሆን ነበረበት፤ ከጓሮ የተጎተተ ቆርቆሮ እንዳይመጣ ነው። የመጀመሪያው 1 ቢሊዮን ዶላር በሳምንት ገደማ አለቀ፣ 2 ቢሊዮን ተጨመረበት።

ሞተሩ ወደ መንገድ እንዳይመለስ የሚገደልበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ዘይቱ ይፈሳል፣ በቦታው 1.9 ሊትር ያህል የሶዲየም ሲሊኬት ብጥብጥ ይገባል፣ አርባ በመቶው ሲሊኬት ስድሳው ውሃ። ከዚያ ሞተሩ በ2,000 ዙር ገደማ እንዲሠራ ይደረጋል። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተንነው ብርጭቆ የሚመስል ነገር ብሮንዚናው (ክራንኩ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ላይ ይቀራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩ ይነክሳል። 

ሂሳቡ፦ የተረከቡት አማካይ 15.8 ማይል፣ የተገዙት 24.9። በ100 ኪሎሜትር ከ14.9 ወደ 9.4 ሊትር ማለት ነው። በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ቢነዳ 820 ሊትር ያህል ይተርፋል። ያምራል፤ ግን ያ አሮጌ መኪና ከጥቂት ዓመት በኋላ በራሱ ይሞት ነበር፣ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ሊገዙ ያሰቡ ነበሩ። የተረፈው ነዳጅ የነዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ለነዳጅ ተብሎ ከሆነ ውድ መንገድ ነው፤ ለገበያ ማነቃቂያ ከሆነ ስሙን በትክክል ይጥሩት።

ጎሚስታ

ሁሉም ስለ አዲስ መኪና ሆነ። መንገድ ላይ ያለው መኪና ሁሉ ግን በየጥቂት ዓመቱ ጎማ ይቀይራል፤ ይህን የሚነካ ማበረታቻ ማንም አላነሳም። አምራቹ ለፈተናው ሲል ዝቅተኛ ግጭት ያለው ጎማ ገጥሞ ይሸጣል፤ ያ ሲያልቅ ባለቤቱ የሚገዛው የረከሰውን ነው። መኪናው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመዘገብ ታክስ ያልታሰበበትን ነዳጅ ይጠጣል።

በአውሮፓ የጎማ መለያ ላይ ለትንሽ መኪና ኤ የሚባለው የመንከባለል ግጭቱ በቶን 6.5 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ መጨረሻው 10.6 እና ከዚያ በላይ። 1,500 ኪሎ በምትመዝን መኪና ልዩነቱ 60 ኒውተን ይሆናል። በ100 ኪሎሜትር 6 ሜጋጁል። ሞተሩ ከነዳጁ ሲሶውን ብቻ ወደ ጎማ ያደርሳል ብንል 18 ሜጋጁል ነዳጅ፤ የአንድ ሊትር ቤንዚን ጉልበት 32 ስለሆነ ከግማሽ ሊትር ትንሽ በላይ። 7 ሊትር ለምትጠጣ መኪና 8 በመቶ ነው። ሞተር ነድፎ 8 በመቶ ለማግኘት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ስለዚህ ኤ እና ቢ ጎማ ላይ ታክሱ ይቀነስ፣ መጨረሻው ላይ ይጨመር። ጥንቃቄ ግን አለው፦ ግጭቱን የሚቀንስ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ መያዣው ሊደክም ይችላል። ሲሊካ የተቀላቀለበት ሁለቱንም ያስታርቃል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ማበረታቻው የእርጥብ መያዣ ደረጃውም ጥሩ ለሆነ ጎማ ብቻ ይሰጥ፤ አለበለዚያ ነዳጅ ቆጥበህ ፍሬን ስትይዝ ትንሸራተታለህ። ንፋሱም ከጎደለ ሁሉም ከንቱ ነው።

ኩሽኔታ

ጎሚስታ፣ ከእስካሁኑ ሁሉ ያሳመነኝ ያንተ ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ሁሉም ሲቆጥብ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሲሄድ የነዳጅ ታክሱ ይነጥፋል፣ መንገድ የሚጠገነው ደግሞ በእሱ ነው። ኒውዚላንድ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና በ1,000 ኪሎሜትር 76 የኒውዚላንድ ዶላር እንዲከፍል አድርጋለች፣ አይስላንድም በዚያው ዓመት መጀመሪያ በኪሎሜትር 6 ክሮና ብላለች። ትክክል ነው፣ ግን ተመኑ ለሁሉም እኩል ሲሆን 2.5 ቶን የሚመዝነውና 1.2 ቶኑ እኩል ይከፍላሉ፣ ቁጠባ ዋጋ ያጣል። በኪሎሜትር ልታስከፍል ከሆነ በክብደት አባዛው፤ የኪሎሜትር ቆጣሪ የሚመልሱ እንዳሉም አትርሳ፣ በየዓመቱ ምርመራ ላይ ንባቡ ይመዝገብ።

መሪ ጨባጭ

የመጨረሻ ጥያቄ። ማበረታቻው ሲገዛ ወዲያው ይሰጥ ወይስ በኋላ? ወዲያው ካልሆነ ገንዘብ የሌለው አይጠቀምም ብዬ ነው።

ሚዛን

ስዊድን ከሐምሌ 2018 እስከ ኅዳር 2022 በሠራችበት ሥርዓት ገንዘቡ የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ ነበር፤ ምክንያቱም ጉርሻ የተበላባት መኪና ወዲያው ድንበር ተሻግራ ኖርዌይ ትሸጥ ነበር። ከስድስት ወርም በኋላ የሄዱ አሉ። እኔ ብሆን ቅናሹን ደረሰኙ ላይ ወዲያው አደርገውና መኪናዋ ከሦስት ዓመት በፊት ከአገር ብትወጣ ቀሪውን በወር ከፋፍዬ ምዝገባ ሲሰረዝ አስመልሳለሁ። ያለ ክፍያ ማረጋገጫ ሊብሬ አይሰረዝም፤ ይህ ለጽሕፈት ቤቱ ከባድ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ለብቻው መስመር ይኑረው እንጂ፤ ካልሆነ ሻጩ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ግማሹን ኪሱ ይከታል።

ባለቀመር

ለየብቻው መስመር፤ ቅጣቱም እንደዚያው። የተደበቀ ታክስ ማንንም ሐሳብ አያስለውጥም።